የተሳለ ሰው ሲሞት

ታላቅ ወንድሜ በፊልም ጉዳይ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። በጉርምስናው ሰቃ ከተማ ላይ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የፊልም ዳኝነት ከእጁ የወጣ አይመስለውም። እኔን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የጃፓን አኒሜሽን ያዘኝ፤ እስከዛሬም አልለቀቀኝም። እሁድ እሁድ ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር በሚገኘው የወላጆቻችን ቤት ለምሳ ስንሰበሰብ እንነታረካለን። እኔ አኒሜሽን ቁም ነገር ያለው ሲኒማ ነው እላለሁ። እሱ ይስቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ካርቱን ነው! የተሳለ ሰው አይሞትም፤ በላጲስ ነው የሚጠፋው። ለማይሞት ሰው ማን ያለቅሳል?»

አባታችን በመሃላችን ተቀምጦ «ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» ይል ነበር። ለማናችንም አድልቶ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት አባታችን በድንገት ሞተ። ቴሌቪዥኑን ነጠላ አለበስነው፤ እኛ ዘንድ ሐዘን ቤት እስከ አርባው ፊልምም ዘፈንም አይከፈትም። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ በር በሩን ታያለች፤ እዚያ የአባቴ ጫማ እንደተቀመጠ ነው። ላነሣው ስል «ተይው» አለችኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ፈራላት። እማማ የምንላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን በየቀኑ አጥሚት ይዘው እየመጡ፣ «እንባ ውስጥ ከቀረ ይመርዛል፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። እኔም ሁለቱንም ወላጆቼን ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ከሰዓት የእህቴ ትንሽ ልጅ ሰው አላስቀምጥ አለች። ወንድሜ ሲሰለቸው፣ «ካርቱን ክፈቺላት፤ ካርቱን እንደሆነ ፊልም አይደለም» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ሐዘን ቤት ሆኖብኝ ዋጥኩት። ነጠላውን ገለጥኩና ፍላሼ ላይ ከነበሩት ገና ያላየሁትን አንድ የጃፓን ሥራ ያለ ድምፅ ከፈትኩ።

ታሪኩ የአንዲት የአናጢ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት አባቷ ወደ ሥራ ሲወጣ ቶሎ እንዲያጠልቀው ጫማውን ወደ ውጭ አዙራ ታስቀምጥለታለች። አባቷ ታመመና ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ጠዋት ልጅቷ ተነሥታ፣ እንደ ልማዷ ጫማውን ወደ ውጭ አዞረችው።

ዞር ስል ቤቱ ውስጥ ወሬ ቆሟል፤ የተቀመጠው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ያያል። እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ያ ረቢ! አባትየው ሞተ እኮ! ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ ልክ ለአባቴ እንዳሉት። ይሄኔ እናቴ ጮኸች።

«ጫማው! ጌታዬ፣ ጫማው!»

እንባዋ ወረደ። እማማ አቅፈዋት አብረዋት አለቀሱ።

ወንድሜ ተነሣ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ነጠላውን እየመለሰ፣ ፊቱን ሳያዞርልኝ፣ «ይሄ ፊልም ነው። ሐዘን ቤት አይከፈትም» አለ።

ለዓመታት ወንድሜን ስለምነው የነበረውን ፍርድ አገኘሁ፤ ፊልሙ ግን ተዘጋብኝ! ቢሆንም ቅር አላለኝም። ያንን ሁሉ ሥዕል ተቀምጠው የሳሉትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ እነሱም ጅማ የሚባል አገር መኖሩን ላያውቁ ይችላሉ። እጃቸው ይባረክ። ያን ቀን እናቴ እህል ቀመሰች፤ እኔም እንደ ሰው ተኛሁ።

የአርባው ዕለት ተዝካሩ ተበልቶ እንግዳው ሲበተን፣ ወንድሜ ማንም ሳይነግረው ነጠላውን አነሣ። እማማንም ከቤታቸው ጠርቶ አመጣቸውና ከእናቴ ጎን አስቀመጣቸው።

«በይ፣ ካቆምንበት ቀጥይው» አለኝ።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «አይሆንም» አለች። «አባትየው በሕይወት ካለበት ጀምሪው።»