ሽማግሌ የተላከባት የቦርድ አባል

ልጄ የቦርድ አባል ሆና መሾሟን በደንብ የተረዳሁት ከሰፈር ሰው ነው። እርግጥ እሷ ቀድማ ነግራኝ ነበር። ግን «አባዬ፣ አንድ የስብሰባ ሥራ ተጨመረብኝ» ብቻ ስላለችኝ፣ ስብሰባ ምን ይደንቃል ብዬ አለፍኩት። በቴሌቪዥን ስትታይ ነው ከቁስቋም በታች ያለው ሰፈራችን ደጄ ላይ የተሰበሰበው።

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን ገበያ የሚያስተዳድር ድርጅት አለ። እሱን ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠር ቦርድ ደግሞ ተቋቋመ። ይህን አሁን ነው እንዲህ አስተካክዬ የምጽፈው፤ ያን ጊዜ ከነገሩ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «መብራት» የሚለው ነው። ዜና አንባቢዋ የእያንዳንዱን አባል የሥራ ታሪክ አነበበች። አንዱ ዕድሜውን ባንክ ቤት የጨረሰ ነው፣ አንዱ የሕግ ሰው፣ አንዱ ግድብ ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪም አለች። መጨረሻ ላይ የኔ ልጅ፤ በነርስነት ጀምራ ሆስፒታል እስከ መምራት የደረሰች።

እኔ ግንበኛ ነበርኩ። ትምህርቴ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልደግም የቀረ ነው። ልጄ ከነማን ጋር እንደተቀመጠች ስሰማ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። የእድራችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ናቸው። ሲቀልዱ እንኳ ድምፃቸው ትእዛዝ ይመስላል።

«የባንኩም ይሁን፣ የሕጉም ይሁን» አሉ። «ነርስ ግን መብራት ቤት ምን ትሠራለች? ምሰሶውን መርፌ ልትወጋው ነው?»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ከኔ ጎን የተቀመጠው ከወሎ የመጣው ባለሱቅ ዝም አላለም። «እርስዎስ መቶ አለቃ፣ ሰብሳቢያችን የሆኑት ድንኳን መስፋት ስለሚችሉ ነው?» አላቸው። ያኔ ደግሞ የባሰ ተሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ጥያቄው አብሮኝ ገባ። ቅዳሜ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ያለ መግቢያ ጠየቅኳት።

«ልጄ፣ ምን ታውቃለች ብለው ነው የመረጡሽ?»

አልተቀየመችም። «እኔም ጠይቄያቸው ነበር» አለችኝ። «መሐንዲሱ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፣ የባንኩ ሰውዬ ገንዘቡን ያውቃል፣ የሕግ ሰው ውሉን። ሲቋረጥ ማን እንደሚጎዳ የሚያውቅ ሰው ጎደለን አሉኝ።»

ከዚያ ወጣት ነርስ ሳለች የሆነውን አወራችኝ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሳ ሲል፣ መተንፈሻ ላይ ለነበረ በሽተኛ የአየር ከረጢቱን በእጇ እየጨመቀች ማስተንፈሷን። እጇን አየሁት። ይህን ሁሉ ዘመን አልነገረችኝም። ስትሄድ በር ላይ ቆም ብላ፣ «አባዬ፣ ሰው ጉዳይ ይዞ ይመጣብሃል። እባክህ እኔ ጋ እንዳትልክብኝ» አለች። እሺ አልኳት።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጦጦን የሸፈነው ዳመና ወረደና ዝናቡ መብረቁን ይዞ መጣ። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ጮኸ፣ ጭስ አወጣ፣ በቃ ቀረ። ለመብራት ኃይል አመለከትን። መልሱ «ተራ ይዛችኋል» ነው። ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ጋግራ የምትሸጠው ሴት ሊጧን ደፋች። ያም ቢሆን ይቻል ነበር። የማይቻለው የጎረቤቴ ነገር ነው።

ጎረቤቴ ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ አጥር የምንጋራ ወዳጄ ነው። ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ከርሞ፣ ቤት ውስጥ የኦክስጅን ማሽን እየተጠቀመ እንዲኖር ነው የላኩት። ማሽኑ ያለ መብራት ግዑዝ ዕቃ ነው። ልጆቹ ሲሊንደር እየተከራዩ በትከሻ ዳገቱን ያወጡለታል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል አይደርስም እየተባለ ቤቱ በጭንቀት አለቀ። ልጠይቀው ስገባ ነገር ሊነግረኝ ይጀምርና አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። ሚስቱ እኔን ታየኛለች። ያ አስተያየቷ ከልመና ይብሳል።

ለልጄ አልደወልኩም። እሺ ብያት የለ?

አንድ ጠዋት መቶ አለቃና ባለሱቁ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ባለሱቁ ነጠላ ለብሶ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ ስላቸው አልተቀመጡም።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ መቶ አለቃ። «ለሽምግልና ነው የመጣነው። ልጅዎን እንድንለምን ይፍቀዱልን።»

በዚህ ሰፈር ስንቱን ባልና ሚስት ሳስታርቅ እንዲሁ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የቆመን ሽማግሌ እምቢ ማለትን ግን አንድም ቀን አልለመድኩትም። ለቦርድ አባል ሽማግሌ ሲላክ ሰምቼ ባላውቅም፣ ነጠላዬን አንስቼ አብሬ ወጣሁ።

ልጄ የምትኖረው ከተማው ማዶ ነው። ታክሲ እየቀያየርን ደረስን። በሩን ከፍታ ሦስታችንን ተደርድረን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ ሰው ሞተ?»

«አልሞተም» አልኳት። «ገና ነው።»

እንድንቀመጥ ለመነች። ቆመን ቀረን። መቶ አለቃ ጉዳዩን ተናገሩ፤ የወዳጄን ሕመም፣ የሲሊንደሩን ነገር፣ የሰፈሩን ጨለማ። እሷም ቆማ ሰማች።

«የኛ ቦርድ የኃይል ገበያውን ነው የሚከታተለው» አለች። «ትራንስፎርመር የሚቀይረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።»

«ልጄ፣ ለኛ መብራት መብራት ነው» አሉ መቶ አለቃ። «ብትደውዪ እምቢ ይሉሻል?»

«አይሉኝም» አለች። «ብደውል ይሠሩልኛል። ችግሩ እሱ ነው።»

«ምኑ ነው ችግሩ?»

«ለኛ ሰፈር የሚመጣው ትራንስፎርመር ሌላ ተራ የያዘ ሰፈር ሊሄድ የነበረው ነው። እዚያም እንደ ጋሼ ማሽን ላይ ያለ ሰው ይኖራል። ቦርድ ላይ የተቀመጠች የጎረቤት ልጅ ግን የለችውም። ድንገተኛ ክፍል ስሠራ የዘመድ በሽተኛ አስቀድሚ የሚለኝ አይጠፋም ነበር። አላስቀደምኩም። አሁን ከጀመርኩ ማቆሚያ የለውም።»

ባለሱቁ ወደ መሬት እያየ «ወላሂ፣ እውነቷን ነው» አለ በቀስታ። መቶ አለቃ ገላመጡት።

እኔ የምገባበት አጣሁ። ያሳደግኳት ልጅ ሽማግሌ አቁማ እምቢ አለች። ያሳደግኳት ልጅ ደግሞ ልክ ነው የተናገረችው። ሁለቱ እኩል ደረቴ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን ጋሼ በምን ላይ ናቸው?» አለችኝ ድንገት። «ሲሊንደሩ ስንት ይቀረዋል? ከንፈራቸው መልኩ ምን ይመስላል?» የምችለውን ነገርኳት። የመኪና ቁልፏን አነሳች። «ስልኩን አልደውልም። ጋሼን ግን ወደዚህ ላመጣቸው እችላለሁ። ቤቴ መብራት አለው።»

«እኛ የመጣነው ለሰፈሩ ነው» አሉ መቶ አለቃ።

«አውቃለሁ» አለች።

ሰፈር ስንደርስ ወዳጄ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ። «ሰው ቤት ሄጄ... አልሞትም» ይላል እያቃሰተ። ሚስቱ ጫማውን እያጠለቀችለት፣ «እዚህ ብትሞት ለኔ ምን ይቀለኛል? ተነሣ» አለችው። ተነሣ። ማሽኑን ጭነን፣ ሲሊንደሩን እኔ አቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። የሽሮ ሜዳን ቁልቁለት ስንወርድ ከፊት ያለው ወዳጄ በጭንብሉ ውስጥ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ልጄ ደንግጣ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ፍሬን አትርገጪ» አላት። «በማርሽ... ያዢው።»

ከታመመ ወዲህ ያን ቀን ነው ሲስቅ ያየሁት። ልጄም በማርሽ ያዘችው።

እሷ ቤት ማሽኑ ተሰካ። በማግስቱ ስሄድ አረፍተ ነገር ይጨርስ ጀምሯል። የሰፈራችን ትራንስፎርመር በተራው እስኪመጣ ድረስ እዚያው ሰነበተ። ቶሎ አልመጣም። መቶ አለቃ በመንገድ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ነክተው ያልፋሉ እንጂ ቆመው አያናግሩኝም። ለሽምግልናም ከዚያ ወዲህ አልተጠራሁም። ይህ ይቆጨኛል፤ አልዋሽም።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን የባለዳቦዋ ነገር ነው። አንድ ቀን በሯ ላይ ቆማ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «አባባ፣ ለአንዱ መኪና መጣለት። እኛም ያው ተራችንን ጠበቅን» አለችኝ። ይህንኑ ቃል ለልጄ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ልክ ናት» አለች። «ጋሼን ያመጣኋቸው ስለማውቃቸው ነው። የማላውቀውን አላመጣሁም።»

በሚቀጥለው ስብሰባቸው ነገሩን አነሳችው። እንደነገረችኝ ቤታቸው ውስጥ በማሽን የሚተነፍሱ ሰዎች ያሉበት ሰፈር መብራት ሲጠፋበት ተራ እንዳይጠብቅ ነው የጠየቀችው፤ የማንም ልጅ ቦርድ ላይ ኖረም አልኖረም። የባንኩ ሰው ወጪውን ማን ይሸፍናል አለ። የሕጉ ሰው መታመሙን ማን ያረጋግጣል፣ የሚዋሽስ ቢመጣ አለ። መሐንዲሱ ይህ የኛ ሥልጣን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም የመጣበትን ሥራ ነው የጠየቀው አለችኝ፤ አንዳቸውም በክፋት አልተናገሩም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተሸጋገረ። ከዚያም ለሚቀጥለው።

ወዳጄ ቤቱ ተመልሷል። ማሽኑ አጠገቡ ያንጎራጉራል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሰላምታ ሳንጨርስ ይጠይቀኛል፦

«ወሰኑ?»

«ገና ናቸው» እለዋለሁ።

ራሱን ይነቀንቅና በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ያያል፤ ዳመና መኖር አለመኖሩን።