በአፍ የተጠሩ እንግዶች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሀናን ስልኳን ጆሮዬ ላይ ደቅና «አባባ፣ የኛን ትምህርት ቤት ዜና ስማማ!» አለችኝ። አንዲት ልጅ በጠራ ድምፅ የወላጆች ቀን መቼ እንደሚከበር፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩም የት እንደሚካሄድ በአማርኛ ተናገረች። ቀጥላ ያንኑ በኦሮምኛ፣ ከዚያም በሶማሊኛ ደገመችው። ሀናን ፊቴን አይታ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለች። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ እንድታመጣልኝ ላክኋት። ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ምንም ነገር በሙቀት ቢያሳብቡት ሰው ያምናል።

እውነቱን ለመናገር ግን አመመኝ። ያቺ ልጅ በሦስት ቋንቋ የተናገረችውን ዓይነት ዜና እኔም በእሷ ዕድሜ ተናግሬው ነበር። እሷ ተጨብጭቦላት ይሆናል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ታገድኩበት። መታገዱስ ባልከፋ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ ባቡሩ የከተማው ጌታ በነበረበት ወቅት ነው። እኛ መጋላ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ጠባብ ሰፈር እንኖር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ በከዚራ በኩል ነበር። ወንዝ ስል ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ደቻቱ በክረምት ካልተቆጣ በቀር ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ጠዋት አሸዋውን አቋርጬ ስሄድ የሳምቡሳ ዘይት ሽታ እስከ መሐል ድረስ ይሸኘኛል። ከማዶ ያሉት ዛፎች ቀይ አበባቸውን መንገዱ ላይ አንጥፈው ይቆያሉ። አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው እሱን ነው። ከዚራ የባቡር ሠራተኞችና የሹማምንት ሰፈር ስለነበር መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጥላውም የማይጠገብ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያ ስደርስ አረማመዴ ሳይቀር ይለወጥ ነበር።

አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። ስሟ ፋጡማ ነው፤ ገበያው ፋጤ ይላታል፤ እኔ በኦሮምኛችን አዮ እላት ነበር። አማርኛዋ ለመገበያየት ያህል ነው። በዋጋ ክርክር ማንም አይረታትም፤ ወሬው ረዘም ሲል ግን ፈገግ ብላ ትተወዋለች።

ትምህርት ቤታችን ሰኞ ሰኞ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ዜና ይነበብ ነበር። የኳስ ግጥሚያው ከማን ጋር እንደሆነ፣ ቴአትሩ መቼ እንደሚታይ፣ የትኛው ክፍል በንጽሕና እንደተመረጠ፣ ማን ከሕመሙ ድኖ እንደተመለሰ። አንባቢው እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ የአማርኛ መምህራችን መምህር ግርማቸው ናቸው። ከሸዋ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሙቀታችንን ጨርሶ ያልለመዱ ሰው ነበሩ፤ መሐረብ ከእጃቸው አይጠፋም። የኛ አገር አማርኛ አንቱ ስለማያውቅ መጀመሪያ ሰሞን ይከፋቸው ነበር፤ ኋላ ግን የጋሪ ነጂው ሁሉ «አንተ» ሲላቸው መሳቅ ጀመሩ። ከትምህርት በኋላ ከዛፉ ሥር አስቀምጠውኝ የኤረር መንደሪን እየላጡ፣ ግማሹን ለእኔ እያካፈሉ ያስነብቡኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጡም። «እንደገና፣ አብዲ፤ አትቸኩል፤ የሚሰማህ ሰው አለ» ይሉኛል። አባት ለሌለው ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እወዳቸው ነበር።

በዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ሲቃረብ አንድ ቀን ተክዘው አገኘኋቸው። በየዓመቱ የጥሪ ወረቀት በተማሪዎች እጅ ይላካል፤ የሚመጡት ግን የባቡር ሠራተኞቹና የከዚራ ሰዎች ብቻ ናቸው። የመጋላ ወላጆች ወንበር ባዶውን ይውላል።

«ወላጆቻችሁ ለትምህርት ግድ የላቸውም ማለት ነው?» አሉኝ።

«ግድስ አላቸው፣ ጋሼ። አልተጠሩም እንጂ።»

«እንዴት አልተጠሩም? ወረቀቱን ራስህ አይደለህ የወሰድከው?»

ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር ሰው በወረቀት አይጠራም። ሠርግም ይሁን ሰደቃ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ባለቤቱን በስሙ ጠርቶ፣ «እገሌ ልኮኛል፣ ቤታችሁን ዘግታችሁ ኑ» የሚል አፍ ያስፈልጋል። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ከፍርድ ቤት ነው ወይም ከግብር፤ እናቶቻችን ገና ሲያዩት ልባቸው ይመታል። ይህን ስነግራቸው መምህሩ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ጠሪ አክባሪ ነው ይላል ያገሬም ሰው! ሂድና ጥራቸዋ! በየቋንቋቸው ጥራቸው። በበዓሉም ዕለት ዜናውን በአማርኛ ካነበብክ በኋላ እነሱ በሚሰሙት ትነግራቸዋለህ።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«ዳይሬክተሩን ለኔ ተወው። እኔ አለሁ።»

እኔ አለሁ ካሉኝ በኋላ ምን ያስፈራኛል? ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ መጋላን በር በበር ያዝኩት። ቋንቋ ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ ብዬ አልመጻደቅም፤ የድሬ ልጅ ግን ከጎረሰበት ቤት ሁሉ ጥቂት ቋንቋ ይዞ ነው የሚያድገው። ለኦሮሞዎቹ «ኮታ!» እላለሁ፣ ለሶማሌዎቹ «ካላያ!»፤ ሁለቱም ኑ ማለት ነው። ለሐረሪ እናቶች ያለችኝን ጥቂት ሐረሪኛ አውጥቼ፣ ሲያልቅብኝ በሳቅ እሞላዋለሁ። ሽማግሌዎቹ በርጫቸው ላይ እንደተደገፉ፣ ጫቱን በጉንጫቸው ወጥረው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል።

«ማነው የላከህ?»

ለጥሪ ዋናው ነገር ይህ ነው። ክብሩ የላኪው ነው፤ ተላኪው አፍ ብቻ ነው።

«መምህር ግርማቸው።»

«አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ሰው አዋቂ ነው! ወላሂ እንመጣለን በለው።»

እናቴ መጀመሪያ አላመነችኝም። «እኔን? እዚያ ሄጄ ምን ልል?» አለች። «ስምሽን ጠርተው፣ ፋጡማን ሳትጠራት እንዳትቀር ብለውኛል» አልኳት። እውነት ነበር፤ መምህሩ ስሟን ጠይቀው እንደዚያው ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! ቀፊራን ራሷ ጠራችው። ከበርበሬ ተራ እስከ እህል ተራ፣ ከጀልዴሳ ወተት ይዘው የሚመጡትን ሴቶች ሳይቀር፣ «የልጄ መምህር ጠርቷችኋል» እያለች አዳረሰችው።

በአፍ የተጠራ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብቻውንም አይመጣም። ይህ ለእኔ ፀሐይ በጠዋት ትወጣለች እንደማለት ስለሆነ ለመምህሩ መንገር ትዝም አላለኝ። እሳቸውም ያሰቡት ጸጥ ብለው ወንበር ላይ የሚቀመጡ ጥቂት አባቶችን ኖሯል።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት የደቻቱ አሸዋ በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ለሠርግ የሚለብሱትን ለብሰው፣ በወተት የተፈላ የቡና ቅጠላቸውን፣ ሆጃውን፣ በትልልቅ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። በዘይት የተጠበሰው ጣፋጭ፣ ሙሸበኩ፣ ማሩ እየተንጠባጠበ በትሪ መጣ። ሁለት የሶማሌ ሽማግሌዎች የሰባ ፍየል እየጎተቱ ሲደርሱ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሞከረ። «ተጠርተን ነው፣ አቦ!» ብለውት አለፉ። ፍየሉ ከባንዲራው ሥር የተተከለውን አበባ መቅመስ ሲጀምር ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ እንግዳ ነበሩ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ከፊት ተቀምጠዋል። እናቴ አጠገባቸው ባዶ ወንበር አይታ ተቀመጠችና እጇን አወዛወዘችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዜናውን በአማርኛ አነበብኩ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ በኦሮምኛ ጀመርኩ። ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ቤት ስላያችሁ ደስ ብሎናል፣ በሚመጣው ወር ቴአትር አለን፣ ለእሱም ተጠርታችኋል አልኩ። ሴቶቹ በእልልታ ግቢውን አናወጡት። እናቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወደ ሶማሊኛው ልሻገር ስል እንግዳው እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው ይህን የፈቀደው? እነዚህንስ ሰዎች ማን ጠራቸው?»

ዳይሬክተሩ ወደ መምህር ግርማቸው ዞሩ። እኔም ዞርኩ። እንዲያውም ፈገግ ብዬ ነው የዞርኩት፤ አሁን ተነሥተው «እኔ ነኝ» እንደሚሉ አልተጠራጠርኩም።

መምህሩ በመሐረባቸው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«እኔ የማውቀው የአማርኛውን ብቻ ነው» አሉ። «ሰዎቹን የጠራው ልጁ በራሱ ፈቃድ ነው። እኔ አልላክሁትም።»

አማርኛ የማይሰሙት ጎረቤታቸውን «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። «አልላክሁትም» የምትለው ቃል ከወንበር ወደ ወንበር እየተተረጎመች እስከ መጨረሻው ረድፍ ስትሄድ ቆሜ አየኋት። እኛ ዘንድ ሳይላክ ሰው የሚጠራ ከሌባ አይሻልም፤ ሰውን በሰው ደጅ አዋርዷልና። ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ተነሡ። ፍየላቸውን ይዘው ወጡ፤ ሴቶቹም ማንቆርቆሪያውን እንደሞላ አንሥተው ተከተሏቸው። ሲያልፉ ዓይኔን ያየኝ የለም። መምህሩም አላዩኝም። ተከዳሁ፤ ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወላጅ ይዘህ ካልመጣህ አትገባም ተባልኩ። ማታ ለእናቴ እየማልኩ ነገርኳት።

«አዮ፣ ወላሂ እሳቸው ናቸው ሂድ ጥራ ያሉኝ!»

«መምህር ይዋሻል?» አለችኝ። አልተቆጣችም። «ሰው ሁሉ እየሰማ አልላክሁትም አለ። እናቴ ትኩራብኝ ብለህ ነው ያደረግኸው፤ ገብቶኛል፣ ልጄ።»

ብትመታኝ በተሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ይዛኝ ሄደች። ዳይሬክተሩ መምህሩን አስጠርተው ጥቂት ካነጋገሩን በኋላ ሰው ፈልጓቸው ወጡ። ክፍሉ ውስጥ እናቴ፣ መምህሩና እኔ ብቻ ቀረን። እናቴ በዚያች በገበያ አማርኛዋ «ጌታዬ፣ ልጁ ጥፋት አጠፋ፤ ስምህን አበላሸ፤ አባት የለውም፤ ይቅር በለው» ብላ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። በልቤ፣ አሁን ይነግሯታል አልኩ። ማን አለና ይፈራሉ? በሩ ተዘግቷል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ነኝ የላክሁት» ቢሏት ማንም አይሰማም፤ እሷም ለማንም አትናገርም ነበር።

ከትከሻዋ ይዘው አነሷት። «ይቅር ብዬዋለሁ፣ እናቴ» አሉ። «ዋናው የልጁ መታረም ነው።»

እናቴ እጃቸውን ሳመች። ሳመችው ስላችሁ ሁለቴ፣ በመዳፉም በጀርባውም።

የበዓሉን ቀን ውሸት እረዳዋለሁ። ሹም ፊት ነበሩ፤ ልጆች ነበሯቸው፤ እንጀራ ያስፈራል። እኔም ኋላ ተቀጥሬ ስሠራ አለቃ ሲቆጣ ምላሴ የታሰረበት ቀን አለ። የዚያችን ክፍል ዝምታ ግን በየትኛውም በኩል ባገላብጠው ምክንያት አላገኝለትም።

ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ዜናውን አንድ የከዚራ ልጅ ያነብ ጀመር፤ ጥሩ ያነብ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ግን እናቴ ለሰደቃ ጥሪ ስትልከኝ በሩ ላይ ቆመው «እውነት ተልከህ ነው?» ይሉኛል። አንዳንዱ ለቀልድ ነው፤ አንዳንዱ የምሩን ነው። እናቴ ሌላ ሰው መላክ ጀመረች። መምህር ግርማቸው በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ሲሰናበቱን እጃቸውን ዘረጉልኝና ጨበጥኳቸው። ዛሬ ቢሆን አልጨብጥም።

ሀናን ውሃውን ይዛ መጣች። «የወላጆች ቀን ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት፤ ልጅቷ ምን በደለች? ውሃዬን እየጠጣሁ ያሰብኩት ግን እናቴን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። ልጆች ወልጄ፣ ፀጉሬ ሸብቶ ሳይቀር ነገሩን አንሥቼላታለሁ። «አዮ፣ ያን ቀን እኔ አልዋሸሁም» እላታለሁ። እጄን ቸብ ቸብ ታደርግና «ተወው፣ እኔ ድሮ ረስቼዋለሁ» ትለኛለች። መጨረሻ የታመመች ጊዜም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ደግሜ ነገርኳት። ላጠፋው ይቅር የተባለ ሰው ይቀለዋል ይባላል፤ ላላጠፋውስ? እናቴ ደግ ሴት ነበረች። ሳታምነኝ፣ ይቅር እንዳለችኝ ሞተች።