ደቦ ሳይሆን ወንፈል

እስኪ ልጠይቃችሁ። ቀይ እስክሪብቶ ለማምጣት ከወንበራችሁ ተነሥታችሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሳችሁን የበር ማጠፊያ ዘይት ስትቀቡ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? እስክሪብቶው አልመጣም፤ በሩ ግን ድምፅ ማሰማቱን ትቷል። ካላጋጠማችሁ ተመስገን በሉ። ካጋጠማችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ የማስረዳችሁ ነገር አለ። ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ።

ደብረ ታቦር ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ ሥርዓተኛ ይለኛል። ጠመኔዎቼ በየቀለማቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። የኪስ ደብተሬ ማውጫ አለው፤ ደብተሮቹ ሲበዙ ለማውጫዎቹም ማውጫ አዘጋጅቻለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ለተማሪዎቼ «ጊዜያችንን እንዴት እንጠቀምበት» የሚል ትምህርት እሰጣለሁ፤ ጥሩ ትምህርት ነው ይላሉ። ዘንድሮ ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ገብቼ ነው የሰጠሁት።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከየት እንደመጣ የገባኝ በቅርቡ ነው። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ባልዲ እንደሚያበዛው ሁሉ እኔም ደብተር አበዛሁ። ከገሳይ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን በልጅነቴ ስሜ «ቀልበ ቢስ» ነበር። አባቴ ሞፈር እንድዋስ ልከውኝ፣ ጎረቤት ቤት የምትወልድ ላም ሳይ ውዬ፣ ሞፈሩን ረስቼ የጥጃውን መልክ ይዤላቸው እመለሳለሁ። ጎረቤቶቹ ቀልቡን ተገፏል ይሉ ነበር። አንዳንዱ ጸበል ያዝዝልኛል፣ አንዳንዱ አርጩሜ። ሁለቱንም ተቀብያለሁ፤ ቀልቤ ግን አልተመለሰም።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ትኩረትን ስለሚያናጋ የአእምሮ ሁኔታ የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበብኩ። ኤዲኤችዲ ይሉታል። የልጆች ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አብሮ ያድጋል። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም፤ ይህም ራሱ አጠራጠረኝ። ባሕር ዳር ካለች የሥነ ልቦና አማካሪ ቀጠሮ ያዝኩ።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ እንዴት እንዳጠፋሁት ልንገራችሁ። ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። ለአማካሪዋ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የምጽፍበት ደብተር ልግዛ ብዬ ወረድኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። አንድ ሽማግሌ የተሰበረ ሬዲዮ ፈታተው ከጆንያ ላይ ዘርግተዋል። ብሎኖቹን እንደየመጠናቸው አለመደርደራቸው አላስችል አለኝ። ቁጢጥ ብዬ መደርደር ጀመርኩ። ቀና ስል ሚኒባሱ የለም። ስለ ትኩረቴ ልመካከር የወጣሁ ሰው ትኩረቴን ሐሙሲት ጥዬ፣ ባሕር ዳር የደረስኩት ቀጠሮው ካለፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

አማካሪዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። አልተቆጣችም። «ምን አገኘህ ሐሙሲት ላይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ብሎኖቹ በዝርዝር አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ «ዛሬ ጊዜው አልፏል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ እስከ መጨረሻው አትውረድ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ። የጠየቀችኝን ጠየቀች፣ ወደ ሐኪምም ላከችኝ፤ በመጨረሻ ነገሩ ስም አገኘ። ስንፍና አይደለም ስትለኝ ሃያ ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን አንድ ነገር ያወረደችልኝ መሰለኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄድኩ ስለ ኑሮዬ እንነጋገራለን። ምን እንዳሰብኩ ብቻ ጠይቃ አትተወኝም፤ ምን እንደጀመርኩ፣ የት ላይ እንደተውኩት፣ እንዴት እንደምቀጥለው ትጠይቃለች። እኔም የምትለውን ሁሉ እጽፋለሁ። መጻፌን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሴሚስተሩ ማብቂያ ደረሰ። የአራት ክፍል የፈተና ወረቀት ሳይታረም ካርቶን ሙሉ ሆኖ አልጋዬ ሥር አለ። በክፍል ኃላፊነቴ የሁሉንም ትምህርት ውጤት የምሞላበት ሮስተርም ባዶ ነው። ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ደርሶኛል። ረቡዕ ዕለት ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ፣

«ሰኞ ጠዋት ሮስተሩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካላየሁ ከክፍል ትወጣለህ» አለኝ።

«ወዴት?»

«መጻሕፍት መጋዘን። አንተ መደርደር ትወዳለህ።» ከመሳቢያው የመጋዘኑን ቁልፍ አውጥቶ አሳየኝ። የሚቀልድ አይመስልም።

እኔ ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ካልቆምኩ ሌላ የምችለው ነገር የለም። ጠመኔ ይዤ ስናገር ብቻ ቀልቤ አጠገቤ ይሆናል። መጋዘን ውስጥ ለማን አስረዳለሁ? ለመደርደሪያው?

ሐሙስ ዕለት ሥራ ጀመርኩ። ማለትም ዕቅድ አወጣሁ። ወረቀቶቹ በስንት ሰዓት ስንት እንደሚታረሙ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በሦስት ቀለም ሠራሁ። አምዶቹ እኩል ስላልሆኑ ደገምኩት። ሲመሽ እጅግ ያማረ ሰንጠረዥ ነበረኝ፤ በሰንጠረዡ መሠረት በዚያ ሰዓት ሁለት ክፍል ጨርሼ መሆን ነበረብኝ።

ያኔ የአማካሪዋ ምክር ትዝ አለኝ። ባለፈው ስንገናኝ «ሥራ እጅህ ላይ ሲከብድብህ ሰው አጠገብህ ይቀመጥ» ብላኝ ነበር። እንዴት አልገባኝም! ሥራ ሲበዛ ሰው የሚጠራበት ነገር እኛ አገር ስም አለው፤ ደቦ። ዓርብ ከሰዓት ስድስት መምህራንን ጠራሁ። ቤት አጸዳሁ፣ ንፍሮ ቀቀልኩ፣ ከጎረቤት ጠላ ለመንኩ፣ ወንበር ተዋስኩ። ይህን ሁሉ ያለ አንዳች እንቅፋት፣ በሰዓቱ ሠራሁት። ለምን እንደሆነ አማካሪዋ አስረድታኛለች፤ አዲስ ነገር ላይ ጎበዝ ነን።

መጡ። ከመጀመራቸው በፊት የእርማቱን መመሪያ ላስረዳቸው ቆምኩ። ከዚያ ለምን እንደጠራኋቸው እንዲገባቸው ስለ ሁኔታዬም ጥቂት ልበል አልኩ። ሰሌዳ ስላልነበረ የግድግዳ ካሌንደር ገልብጬ የአንጎል ሥዕል ሣልኩ።

«ጓድ፣ የጠራኸን ልታሳርመን ነው ልታስተምረን?» አለ የሒሳቡ መምህር፣ ንፍሮውን እየዘገነ።

«መግቢያ ነው፤ አምስት ደቂቃ።»

«መግቢያህ እንደ ፋርጣ ዳገት ነው፤ አያልቅም!»

ሳቁ። ጠላው ዞረ። ጨዋታው ስለ ምደባ ሆነ፣ ከዚያ ስለ አንዱ ሠርግ። እኔም ብርጭቆ የጎደለበትን ስሞላ፣ የተቀመጠውን አረፍ በል ስል፣ የተነሣውን ተቀመጥ ስል ፀሐይ ዘቀዘቀች። አንድ ወረቀት ብቻ ታረመ። ያረመው የሒሳቡ መምህር ነው፤ ከአሥር አሥራ አንድ ሰጥቶ «ጽሕፈቱ ያምራል» አለ።

ሲሄዱ አባቴ ደወሉ።

«ዝም አልክ፤ ምነው፣ ሥራ በዛ?»

«ደቦ ጠርቼ ነበር፣ አባዬ።»

«አንተ? ደግሞ የምን አጨዳ?»

«የወረቀት። የተማሪ ፈተና ነው። አንድ ብቻ ታርሞ ተበታተኑ።»

አባቴ ረጅም ሳቅ ሳቁ፤ በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «አይ ልጄ! ደቦማ ድግስ አይደል? ደጋሹ መቼ ያጭዳል፤ ሲያስተናግድ ነው የሚውለው። ደቦ አዝመራው የበዛበት ሰው ነው የሚጠራው። አንተን አዝመራው ነው የበዛብህ ወይስ እጅህ ነው አልነሣ ያለው?»

አማካሪዋ «ምንድን ነው የሚያቆምህ?» እያለች ጠይቃኝ በሦስት ወር ያልመለስኩላትን ለአባቴ ወዲያው መለስኩ። «እጄ ነው፣ አባዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ወንፈል ግባ። አንድ ሰው ይበቃል። ዛሬ እሱ ላንተ ይውላል፣ ነገ አንተ ለእሱ ትውላለህ። ድግስ የለው፣ ወሬ የለው። እኔ ብቻዬን አርሜ የማላውቀው ማሳ አለ፤ ሰው አጠገቤ ጎንበስ ሲል ነው ጎንበስ የምለው።»

አባቴ ይህን እንደ ቀላል ነገር ተናገሩት። አርጩሜ ካዘዙልኝ ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ስልኩን እንደዘጋሁ የምክር ደብተሬን አወጣሁ። ያን ምክር የሰጠችኝ ዕለት ገጽ ላይ ቀኑና ርእሱ በሰማያዊ ተጽፎ ከሥሩ ሦስት ጊዜ በቀይ ተሰምሯል። ማዕዘኖቹ ላይ አበባ አለ። ምክሩ ራሱ እንዲህ ይላል፦ «ሰው አጠገብህ ይቀመጥ። እሱም»። እዚያ ላይ ያበቃል። «እሱም» ካለች በኋላ የተናገረችውን ሁሉ አበባ ስሥል አልሰማሁትም። የቀረውን አባቴ ሞሉልኝ።

በግቢያችን ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየች ሴት አለች። ከአረብ አገር ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። በጥቂት ዓመት ስለምትበልጠኝ እታለም እላታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በሯን አንኳኩቼ ነገሩን ነገርኳት።

«የትናንቱን ጫጫታ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ስለ አንጎል ስታስተምር ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔም ተምሬያለሁ።»

«አንቺ የሚከብድሽ ሥራ የለም? ነገ እኔ እውልልሻለሁ።»

ወደ ክፍሏ ውስጥ ዞር ብላ አየች። ከግድግዳው ጥግ በገመድ የታሰረ ትልቅ ሻንጣ ቆሟል። ከመጣች ጀምሮ አልተፈታም። «በየቀኑ ነገ እላለሁ» አለች። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ፣ ቲቸር።»

«ምን?»

«አታስረዳኝ።»

ከተጠየቅሁት ቃል ሁሉ ከባዱ ነው። ገባሁ።

ምስር በሰፌድ ይዛ መጥታ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀመጠች። እሷ ትለቅማለች፣ እኔ አርማለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ካርቶኑን ለማስተካከል ስነሣ ቀና ብላ «ወዴት?» አለችኝ፤ ተቀመጥኩ። ውሃ ልጠጣ ስል «ወዴት?» አለች፤ ውሃ እንኳ ጠጥቼ ተመለስኩ፣ መስኮቱን ግን ሳላይ። አንድ ተማሪ «ጉና ተራራ የት ይገኛል?» ለሚለው «በቤታችን ጀርባ» ብሎ መልሷል። እንዲህ ያለ መልስ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? የሚያከራክር፣ ብዙ የሚያስረዳ ጉዳይ ነው። አፌን ከፈትኩ። ከምስሩ የለቀመችውን ጠጠር ወረወረችብኝ። ለተማሪው ነጥቡን ሰጥቼ አለፍኩ። ሲመሽ አራቱም ክፍል ታርሟል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተራው የእሷ ሆነ። ሮስተሩን ይዤ ሄድኩ፤ ወንፈሉ ይህን እንደማይከለክል እሷን ጠይቄ ነው። እሷ ገመዱን ፈታች፣ እኔ ውጤት መሙላት ጀመርኩ። ማስመሪያዬን ረስቻለሁ፤ ልሂድና ላምጣ ብል የእሷ ቀን ነው፣ ጥዬ መሄድ አልችልም። መስመሩን በሳሙና ካርቶን ጠርዝ አሰመርኩ።

ሽቶ አወጣች፣ ያልተከፈተ አንሶላ አወጣች። ከዚያ ግራጫ የሥራ ሽርጥ አወጣች፤ እሱ እጇ ላይ ቀረ። እኔ በዚያች ደቂቃ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ስለ ሐዘን፣ ስለ ትዝታ፣ ስለ አእምሮ አሠራር አንብቤያለሁ። ቃል ገብቻለሁና የአንዷን ተማሪ የአካል ማጎልመሻ ውጤት ጻፍኩ። ቀጥሎ የሌላዋን ጻፍኩ።

«ጥሩ መወልወያ ይወጣዋል» አለች በመጨረሻ፣ ወደ በሩ ወርውራው። ከዚያ በኋላ ሻንጣው ቶሎ አለቀ። ሮስተሩም።

ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ሮስተሩን ገልጦ ረጅም ጊዜ አየው።

«መስመሩ ምነው እንዲህ ተጣመመ? ያንተ ሥራ አይመስልም።»

«የእኔ ነው።»

«እዚህ ጋ ደግሞ ነጥቡ ተሰርዟል። እዚህ የምስር ፍሬ ተጣብቋል።»

በጥፍሩ ፍቆ አነሣው፤ ፈረመ፤ ቁልፉን ወደ መሳቢያው መለሰው። በሦስት ዓመት ካቀረብኳቸው ሮስተሮች ሁሉ አስቀያሚው እሱ ነው፤ በቀኑ የገባም እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ክፍል ነበረኝ። ስድስት ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህን ሁሉ ለአማካሪዋ ተረክሁላት። ስቃ ስታበቃ ደብተሯን ስባ አንዲት ቃል ጻፈችበት፦ «ወንፈል»። ከሥሩ አላሰመረችም።

ቁልፉ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ የሚቀጥለው ሴሚስተርም ይመጣል። እኔና እታለም ግን ቅዳሜና እሑድ ተለዋውጠን እንውላለን፤ እሷ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ታጠናለች። ስለዚህ ልለምናችሁ። አልጋችሁ ሥር ያለውን ካርቶን ታውቁታላችሁ፤ የየራሳችሁን። ዛሬውኑ አንድ ሰው፣ ሁለት አይደለም፣ አንድ ሰው ቤት ሄዳችሁ አንኳኩ። ንፍሮ አትቀቅሉ። ሰንጠረዥ አትሥሩ። «ነገ እኔ እውልልሃለሁ» በሉትና ከማዶ አስቀምጡት። ለምን እንደሚሠራ ከጠየቃችሁ አታስረዱት። እስኪ ሞክሩት።