አንድ ፊደል ላርም ብዬ

ንፋስ መውጫ የኮምፒውተር አስተማሪ ሳለሁ፣ እዚያው አገር ባለው የቤተ ልሔም ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ የአባቴ ወዳጅ መሪጌታ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የምትተይበዋ ልጅ ጉድ ሠራችኝ። ድረስልኝ።»

ለደቀ መዛሙርታቸው ያዘጋጁትን ማስታወሻ ከተማ ልከው አስተይበውት ነበር። ታይፒስቷ ግን «ንጉሥ» የሚለውን ሁሉ «ንጉስ» ብላዋለች። ለእኔ ቢጤው ያው አንድ ድምፅ ነው። መሪጌታ ግን «ንጉሡ ሠ» የሚባል ፊደል እያለ ንጉሥን በ«እሳቱ ሰ» መጻፍ፣ ሰውዬውን ከነዘውዱ እሳት ውስጥ መጣል ነው ባይ ናቸው።

ቤቴ ሆኜ ቃል የሚተካ አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ (ስክሪፕት) ጻፍኩ። ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው ያለ እንከን ሠራ። በፍላሽ ይዤው ሄድኩ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉኝ መሪጌታ፣ ጽሑፉ ያለበት የሰበካው ቢሮ ኮምፒውተር ፊት አጠገቤ ተቀምጠው።

«አንድ ደቂቃ።»

ኮምፒውተሩ ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ ነው፤ ዓይነቱ ከእኔ ላፕቶፕ ይለያል። ትእዛዙን ስሰጠው በእንግሊዝኛ ተቆጣኝ።

«ምን አለህ?»

«ሴድ እንቢ አለኝ፣ መሪጌታ።»

«ሴት? የአዳም ሦስተኛው ልጅ?»

«አይ፣ ሴድ ነው። ቃል የሚተካው ፕሮግራም።»

«ታዲያ አንተ ቤት ሲታዘዝ እዚህ ምን ነካው?»

የነካውስ ገብቶኛል። ፋይሉን እዚያው ባለበት እንዲያርመው የሚያዝዘው ምልክት በሁሉም ማሽን እኩል አይሠራም። የትም የሚያስኬደው መንገድ የታረመውን በሌላ ስም አዲስ ፋይል ላይ መገልበጥ፣ አይቶ ማረጋገጥ፣ ከዚያ ስሙን መቀየር ነው። ይህን ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። አንድ ደቂቃ ብያለሁና ስቸኩል ግን አዲሱን ፋይል በአሮጌው ስም ጠራሁት። ማሽኑም አስቀድሞ ፋይሉን ባዶ አደረገና ከባዶው ማንበብ ጀመረ።

ስከፍተው ነጭ ገጽ ብቻ።

«ንጉሡስ?» አሉ መሪጌታ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«የለም።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውም የለም።»

ታይፒስቷ ጋ ደወልን፤ እሷ ጋ የነበረውን አጥፍታዋለች። በእጅ የተጻፈውን ደብተር ደግሞ አንድ ደቀ መዝሙር ወገዳ ይዞት ሄዷል፤ ስልኩ አይነሳም። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር።

«ጻፍ» አሉ።

ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። ሁለት ቀን ሙሉ እሳቸው በቃል ሲያወርዱት እኔ በሁለት ጣት ስለቅም ዋልኩ። «የኮምፒውተር መምህር ነኝ ትላለህ፣ ጣትህ ግን ገና ፊደል እየቆጠረ ነው» አሉኝ። «ሠ» በመጣ ቁጥር ቆም ብለው «ንጉሡ ነው» ይላሉ። ሦስት ቦታ ላይም «ይህ ድሮም አልጣመኝም ነበር» ብለው የተሻለ ሐሳብ አስገቡ።

ስንጨርስ አንድም የተሳሳተ ፊደል አልተገኘም። ታትሞም ደረሳቸው። መሪጌታ ከእንግዳ ጋር ሲያስተዋውቁኝ ግን «ንጉሥ ሊያርም መጥቶ መንግሥቱን ያጠፋ» ይሉኛል።

ዛሬ ተማሪዎቼን ምንም ከማስነካቴ በፊት ፋይሉን ኮፒ አስደርጋቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ደንቡ ነው እላለሁ።