የቀበሌው ሴቶች ማኅበር አባል ነበርኩ

የዜግነት ማመልከቻዬን የሞላችልኝ ልጄ ናት። እዚህ አሜሪካ፣ ዴ ሞይን ባለው አፓርትማችን እሷ እያነበበች፣ እኔ እየመለስኩ፣ «የማንኛውም ማኅበር አባል ሆነሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ጋ ደረስን።

«አዎ» አልኳት። «በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር።»

«ማሚ! ኖ በይና እንለፍ፣ ፕሊስ።»

እንዴት ብዬ? ቅጹ ላይ እውነት ነው ብዬ ልፈርም፣ ቃለ መጠይቁ ቀን ደግሞ እጄን አንስቼ ልምል ነው። ለዚያ ማኅበር ግራ እጄን ጨብጬ ሳነሳ የኖርኩት አይበቃኝም?

ማኅበር ስል ጠበል ጻዲቅ የሚቀመስበት እንዳይመስላችሁ። እሁድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ ስብሰባ ይጠሩናል። የቀረች ሴት ስሟ ይጻፋል፤ ስሟ የተጻፈ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አታገኝም። አንድ ወንድ ስለ ሴቶች ነፃነት ሦስት ሰዓት ሙሉ ይደሰኩርልናል፤ እኛ እሳት ላይ የጣድነውን እያሰብን እናጨበጭባለን።

ስም ትጽፍብን የነበረችው ጸሐፊ ዛሬ እዚሁ አቅራቢያችን፣ ቢከን ሂል ነው የምትኖረው፤ የምንሳለመውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወሬውን ከልጄ ሰምታ ኮል አደረገችልኝ።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? እኔ ኖ ብዬ አይደል እንዴ ያለፍኩት!»

«ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ኮሚኒስት ናት ብለው ቢከለክሉሽስ?»

«ይከልክሉኛ!»

አፌ ነው እንዲህ ያለው። ዜግነቱን ካላገኘሁ እናቴን ማምጣት አልችልም፤ እሷ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየደከመች ነው። ስንት ቀን ጾምኩበት መሰላችሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጠያቂው ወጣት ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጦ፣

«ማኅበሩ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«ስብሰባ።»

«ስለ ምን?»

«ስለሚቀጥለው ስብሰባ።»

አልሳቀም። «ታዲያ ለምን ገቡ?»

«ለስኳር።»

«ሳይገቡ አይሰጥም ነበር?»

«አይሰጥም።»

ይህንኑ ጻፈና ስለ አሜሪካ ታሪክ ይጠይቀኝ ጀመር። አለፍኩ! ለዚህ ነው ያ ሁሉ ጭቅጭቅ?

ባቡር ላይ ሆኜ ለጸሐፊዋ ደወልኩላት።

«አለፍኩ!»

«ሶ፣ ስሜን ጠየቁሽ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ቢጠይቁሽስ ኖሮ?»

«እናገራለኋ። ምዬ እኮ ነው የገባሁት።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። መልሼ ብደውል አታነሳም። እናቴ ልትመጣልኝ ነው ልላት ነበር እኮ፤ እንኳን ደስ ያለሽ እንኳ ሳትለኝ!