ሃያ አራት ፒዮንግ

እርጥብ ምንጣፍ ሲሸተኝ ዛሬም ቆም እላለሁ። ባለፈው የጎረቤቴን ምንጣፍ በማሽን ሲያጥቡ ሽታው በመስኮት ገባና ድሮ ስኮትዴል በሚባል ከተማ የኖርንበት አፓርታማ ሳሎን ድቅን አለብኝ።

ያኔ ሃይስኩል ልጨርስ ተቃርቤ ነበር። ታላቅ እህቴ እዚያው አካባቢ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ቦታ አንድ ቢሮ ትሠራ ነበር፤ እዚያ የተዋወቀችውን ኮሪያዊ አግብታ አብራው ሶል ልትሄድ ወሰነች። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ተቀበለችው። አባቴ ግን አልተቆጣም፤ እሺም አላለም። በስደት ተበትነን ኖረን፣ አንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበን እሱ ነው። አሁን አንዷ ልትወጣበት ነው።

አንድ እሁድ፣ ከቸርች መልስ፣ ኮሪያዊው ልጅ ቤታችን መጣ። ኤሲው አንጠባጥቦ የሳሎኑን ምንጣፍ አርሶት ነበር። ልጁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እህቴ ታስተረጉማለች።

«እዚያ ሶል ቤት አላችሁ?» አለ አባቴ።

«ተከራይተናል አባዬ። ሃያ አራት ፒዮንግ ነው።»

«ፒዮንግ ደግሞ ምንድን ነው? በካሬ ንገሪኝ።»

ልጁ ጥያቄው ሲተረጎምለት ተነሥቶ ሁለት ክንዱን ዘረጋ። «ሰው በጀርባው ተኝቶ እጁን ሲዘረጋ የሚይዘው ቦታ ነው ይላል» አለች እህቴ። «የድሮ ልኬት ነው። መንግሥት በሜትር ተናገሩ ቢልም ሰው አልተወውም።»

አባቴ ምንጣፉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጫማውን አወለቀና እዚያው ተጋደመ።

«ምን ነካህ አንተ? ከነሱፍህ!» አለች እናቴ።

አባቴ ክንዶቹን ግራና ቀኝ ዘረጋ፤ የአንድ እጁ ጣቶች የጠረጴዛውን እግር ነኩ። «ይኼ አንድ ነው? እንዲህ ያለ ሃያ አራት?»

ልጁ ፊቱ ቀላ። ለእህቴ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገራት።

«አባዬ፣ ሃያ አራቱ በሙሉ የቤቱ ውስጥ አይደለም» አለች። «የጋራ ደረጃውና የኮሪደሩ ድርሻችን አብሮ ይቆጠራል። በሩን ከዘጋን በኋላ ያለው አሥራ ስምንት ገደማ ነው። ይህን ሳያውቁ እንዳይቀሩ ይላል።»

«ደረጃውንም ከቤት ይቆጥሩታል?»

«ይቆጥሩታል። በረንዳውን ግን አይቆጥሩትም።»

እናቴ ሳቀች። ወሬውን ከሰማች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

አባቴ አልሳቀም። ጣሪያውን እያየ «ሃያ አራት ብሎ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?» አለ። ከዚያ እጁን ወደ ልጁ ሰደደ፤ ልጁ በሁለት እጁ ይዞ አነሣው። ጀርባው ረጥቧል። «ልጄን እንዲህ እውነቱን እየነገርካት ያዛት» አለው። እህቴ ይህን አልተረጎመችም፤ እያለቀሰች ነበር። በእንግሊዝኛ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ።

በዚያው በጋ ሄደች። በኋላ እዚያው አካባቢ ሊቶኒያ በምትባል ከተማ ቤት ገዛን። አባቴ አንዱን ክፍል የእሷ ነው ብሎ ያዘ። እናቴ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዋን ብታስገባበት ራሱ አወጣው። «ልጅቷ ስትመጣ የት ትረፍ?» ይላል። እሷ ግን አረገዘች፣ ወለደች፣ ከሥራ እረፍት የሚሰጣት አጣች፤ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ።

የመጣችው ለአባቴ ቀብር ነው። ከኤርፖርት ፒክ አድርጌያት ገባንና ክፍሉን ከፈትኩላት። አልጋው ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ ንጹሕ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል።

«አንቺ ነሽ ያነጠፍሽው?» አለችኝ።

«እሱ ነው። እመጣለሁ ብለሽ የደወልሽለት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላስነካም።»

ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወደ ፎጣው እጇን ዘርግታ መለሰችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሳሎን የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። ያነጠፈው አንሶላ እንዳይጨማደድ ብለን፣ ጫፉ ላይ ብቻ ተጠጋግተን፣ እናቴ እስክትጠራን ድረስ ተቀመጥን።