አባባ የማያልፋት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ አስተማሪያችን ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አዲስ ዲጂታል ሰዓት «ቲት» አለ። እሷ በእፍረት እጇን ስትደብቅ እኔ ሳቄ አመለጠኝና ከክፍል ተባረርኩ። ምን ላድርግ፣ ያችን የምትመስል ድምፅ ከሰባት ዓመት በፊት ከአባባ ኮት ኪስ ውስጥ፣ ያውም ልቅሶ ቤት፣ ስትጮህ ሰምቻታለሁ። በር ላይ ቆሜ ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ ሲመጣልኝ ልጻፈው አልኩ፤ መጻፍ የጀመርኩትም በእሷ ሰበብ ነውና።

አባባ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ አስራ ስምንት ማዞሪያ ፌርማታው አጠገብ ነበር፣ የክረምት ሥራውም የተማሪ ዩኒፎርም ስለነበር ሰኔ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ለልኬት ያመጡ ነበር። በዚያ ሰኔ ትልቁ ወንድሜ ይልማ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። የሚሄድ ቀን አጎታችን ከሞስኮ ያመጣለትን ጌም ከኪሱ አውጥቶ ለአባባ ሰጠው። መዳፍ የምታክል ነገር ነበረች፤ መስታወቷ ላይ ብርቱካን ከዛፍ ይወርዳል፣ አንድ ባለቆብ ሰውዬ በቅርጫት ይቀልባል፣ ሦስት ብርቱካን ካመለጠው ጨዋታው ያበቃል።

«አባባ፣ ሪከርዴ አራት መቶ አስራ ሁለት ነው» አለው ይልማ እየሳቀ። «እስክመለስ ሰብረህ ጠብቀኝ። ካቃተህ ሰፈሩን ሁሉ አስቅብሃለሁ።»

«ሂድ ወዲያ፣ ሳምንት አይፈጅብኝም» አለ አባባ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሱቁ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፍቶ በምትኩ ቲት፣ ቲት ብቻ ሆነ። አባባ በግራ እጁ እየተጫወተ በቀኙ ይበላ ነበር፣ እማዬም «አንተ ሰውዬ፣ አፍህ እኮ እዚህ ነው» እያለች አፉን ታሳየው ነበር። አንድ ኮት ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጎ ሰፋ። አንዷ ደንበኛ «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ያዘዝኩት ሱሪ ነው ወይስ ብርቱካን?» ብላ ጨርቋን ተቀብላ ቀራንዮ ወዳለ ሌላ ሰፊ ሄደች፣ ሌሎችም ተከተሏት። እማዬ መሳቋን ተወች። መስከረም ዩኒፎርሙ ሳይደርስ ከጠባ ሱቁ አለቀለት ማለት ነበር።

ያ የጎረቤት ልቅሶ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሁሉም አቀርቅሮ ዝም ባለበት ሰዓት ከአባባ ኪስ «ቲት» አለ። ደንግጦ ሊያጠፋው ቢነካካው ጭራሽ ቲት ቲት ቲት። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው «ምንድነው እሱ?» አሉ።

«ሰዓት ነው አባቴ።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

አባባ ግራ ተጋብቶ አወጣውና አየው፣ ከዚያም «ሦስት መቶ ዘጠኝ» አለ።

እማዬ በማግስቱ እኔን አስከትላ ጎረቤታችን ሲስተር ወይንሸት ዘንድ ሄደች፤ ሲስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሚሠሩ ነርስ ነበሩ። «ሲስተር፣ በመድኃኔዓለም፣ ሰው ሳይሰማ ይዩልኝ። አብዷል መሰለኝ።»

«አላበደም» አሉ ሲስተር። «እንዳትነጥቂው ብቻ፣ ብትነጥቂው ሌላ ይፈልጋል። መቼ እንደጀመረ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን እንዳሰበ፣ ስንት ላይ እንዳቆመ በየቀኑ ይጻፍ። እኛ ጋም የምንጀምረው እንደዚሁ ነው።»

አባባ «የኔ እጅ መርፌ እንጂ እስክርቢቶ አይሆንለትም» ስላለ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዤ፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብዬ ሱቁ ውስጥ እቀመጥ ነበር። «ሰኞ ጠዋት። ፖስታ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን እንደመጣ። ምን አሰብክ? ምንም። 411።» «ማክሰኞ። ከራዲዮ ዜና በኋላ። ምንም። 410።» እያደር ያልታዘዝኩትንም መጨመር ጀመርኩ፤ ከንፈሩን እንዴት እንደሚነክስ፣ ዝናቡ ሲያይል ወደ መንገዱ እንዴት እንደሚያይ።

ለሲስተር ሳነብላቸው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። 409፣ 411፣ 410፣ 411። «አባባ ይህን ሁሉ ተጫውቶ አንድ ቀን እንኳ አይሰብርም?» አልኩ።

ሲስተር ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከትለው «ነገ አውራ ጣቱን እዪ» አሉኝ።

አየሁ። አራት መቶ አስራ ሁለት ሊደርስ ሲል አባባ አውራ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አንስቶ ብርቱካኖቹ ሲወድቁ ዝም ብሎ ያይ ነበር።

«አባባ፣ ሆን ብለህ ነው እንዴ?»

መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ማሽኗ የምትይዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሚሚ። ከሰበርኩት የይልማ ይጠፋል። እዚያ ስደርስ አጠገቤ ያለ ይመስለኛል፣ አልፌው አልሄድም።»

ይህንንም ጻፍኩት። ሲስተር ሲሰሙ ሱቁ ድረስ መጥተው የደብተሩ ሽፋን ላይ «ይልማ ደምሴ፣ 412» ብዬ በትልቁ እንድጽፍ አደረጉኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ ከዚህ ማንም አይፋቀውም። አሁን እጅዎ ወደ ኪስዎ በሄደ ቁጥር ለልጅዎ አንድ መስመር ለሚሚ ይንገሯት።»

ቀላል አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ መስመር ብቻ ነግሮኝ ስድስት ጊዜ ተጫወተ። «ይልማ፣ ዝናቡ አላቆመም።» በሦስተኛው ቀን «ይልማ፣ እናትህ ትተኸው የሄድከውን ጫማህን ቀለም ቀባችው» አለ። ጳጉሜ ላይ መስመሮቹ የአምስት ገጽ ደብዳቤ ሆነው ተላኩ፣ የስፌት መኪናውም ከጠዋት እስከ ማታ ይንጣጣ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ፌርማታው ላይ የአባባን ዩኒፎርም የለበሱትን ልጆች ስቆጥር አውቶቡሱ አመለጠኝ።

ጥር ላይ የጌሙ ባትሪ አለቀ። አባባ ባዶውን መስታወት ሲያይ ትንፋሼን ያዝኩ። እሱ ግን «ደብተሩ አለ አይደል?» አለና ወደ ስፌቱ ዞረ።

ይልማ ሁለት ክረምት አልፎ፣ ከስቶና ጠቁሮ መጣ። የደብተሩን ሽፋን ሲያይ ሳቀ። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ነጥብ አቃተህ?»

«አቃተኝ» አለ አባባ፣ ወደ እኔ እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ።

ዛሬ ጌሙ የልብስ ቁልፎች ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ተኝቷል፣ ማንም ባትሪ አልገዛለትም። እኔ ግን አሁንም ደብተር አለኝ። ያኔ አባባ «ምንም» ሲለኝ «ምንም» ብዬ እጽፍ ነበር፤ አሁን ሰው «ምንም» ሲለኝ እስክርቢቶዬን አላስቀምጥም፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አውራ ጣቱን አያለሁ።